ቀለሙ እስኪደርቅ

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ሀዋሳ ላይ የምንስል ልጆች እንዲህ ተሰብስበን ሳይ በጣም ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ "ለኤግዚቢሽን እንዴት ነው የምትደርሰው" ትሉኛላችሁ፣ እኔም አንዴ አልደረስኩም።

አዲስ አበባ ላይ ለሚከፈት ኤግዚቢሽን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሸራዎች አስር ቀን ሲቀረው በኦይል፣ ማለትም በዘይት ቀለም፣ ወፍራም አድርጌ ሰራኋቸው፣ ላዩን በጣቴ ስነካው የደረቀ መሰለኝ፣ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ጫንኩት፣ እዛ ደርሼ ስፈታው ቀለሙ ከሸራው ጀርባ ጋር ተጣብቆ ተላጠ። አለቀስኩ።

ኦይል እኮ እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፣ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፣ ስለዚህ ስስ ሌየር ቢሆን በቀናት እጅ ላይ አይለጠፍም፣ ወፍራሙ ግን ወራት ይፈጃል። አምበር የሚባለው ቡናማ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ ቲታኒየም ነጭና ካድሚየም ቀይ ይጎተታሉ። ደግሞ ከስር ዘይቱ ያነሰ ከላይ የበዛ መሆን አለበት፣ ከገለበጣችሁት ቆይቶ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ብርዱና እርጥበቱ ሲጨመርበት ከዚህም ይብሳል።

አሁን ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ነው የምቆጥረው። ጥር ላይ ከሆነ ከጥቅምት በኋላ ወፍራም ቀለም አልነካም፣ ስስ ብቻ፣ ከዛ ፍሬምና ማጓጓዣ። የቸኮልኩበትን ስራ ከመጀመሪያው ቶሎ በሚደርቀው በአክሪሊክ ቀለም እሰራዋለሁ፣ ኦይል ላይ ግን አክሪሊክ አትደርቡ አይይዝም።

ሶስት አራት ሸራ አብሬ ነው የማስኬደው፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እይዛለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ አሳ አስጋሪዎቹ መረብ ሲያራግፉ በከሰል ስኬች አደርጋለሁ፣ ቀለም አልይዝም፣ ምክንያቱም ቀለም ከያዝኩ አይኔ ማየቱን ትቶ መቀባት ይጀምራል። ከሰዓት ስቱዲዮ። ማታ ብሩሼን ሳጥብ ለነገ አንዲት ቀላል ስራ ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ፣ "የጀልባዋ ጥላ" ብዬ፣ ጠዋት ባዶ ሸራ ፊት ቆሜ ከመጨነቅ ያዳነኝ እሷ ናት።

አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ስራ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ መስታወት አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፣ ሳይቆረጥ በፊት ነው ሁሉም የሚታሰበው።

ቤት የጠበባችሁ ደግሞ እርጥቡን ሸራ አልጋ ስር አታስገቡት፣ ጨለማ ውስጥ ዘይቱ ብጫ ይላል። እኔ ጋ አምጡት፣ ግድግዳዬ አስር ያህል ይይዛል።