ቡልቡልና ያቺ አንዲት አይጥ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ወይራ ባለበት ግቢ ጎህ ሲቀድ የምትንጫጫው፣ ጭንቅላቷ ጠቆር ያለው ቡናማ ወፍ ቡልቡል ናት። ዛሬ እሷን ከአንዲት አይጥ ጋር ላነጻጽራት ነው።

አይጧ ኒሎፔጋሚስ ትባላለች፤ በግሪክኛ የአባይ ምንጭ አይጥ እንደ ማለት ነው። ሳይንስ የሚያውቃት በአንድ ናሙና ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የመጣ ቡድን ጎጃም ውስጥ፣ ግልገል አባይ ምንጭ አጠገብ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያዛት። በቀጣዩ ዓመት የሙዚየሙ የእንስሳት ተመራማሪ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ስም አወጣላት። ሠዓሊው ፉዌርቴስ በዚያው ጉዞ የአገራችንን ወፎች አንድ በአንድ ሲሥል፣ ከእሷ የተረፈው ያቺው አንዲት ቆዳና የራስ ቅሏ ናቸው። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ እርሳስ የመሰለ ግራጫ ነው፤ የኋላ እግሮቿም ሰፋፊ ናቸው። የውሃ እንስሳ መሆኗ ከአካሏ ይነበባል።

ቡልቡል የወይራ ፍሬ ትውጣለች፣ ፓፓያ ትጎረጉራለች፣ የአበባ ማር ትመጥጣለች፣ ነፍሳት ትለቅማለች። ጣባ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ካስቀመጣችሁላት ትመጣለች፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩት፣ ከከረመ ትንኝ ይፈለፈልበታል። አይጧን ግን በጣባ ውሃ አታገኟትም። የሚያስፈልጋት ንጹህ የደጋ ጅረት ነው፣ ዳሩ ሳር የለበሰ። ዳሩ በከብት ከተጋጠና እስከ አፋፉ ከታረሰ አፈሩ ይታጠባል፤ ደለሉ የውሃ ነፍሳት የሚኖሩበትን የድንጋይ ሥር ይደፍነዋል። ለከፋ የመጥፋት አደጋ የተጋለጡ ተብለው ከተመዘገቡት አንዷ ናት፤ ጠፍታም ይሆናል የሚል ስጋት አለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የአፈላለጉ ነገር ነው። የተለመደው የአይጥ ወጥመድ ደረቅ መሬት ላይ፣ እህል ወይም የለውዝ ቅቤ ተቀብቶ ይጠመዳል። ያኔ የሚገባው የደረቅ መሬት አይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የዘረመል ጥናት የቅርብ ዘመዷ ኮሎሚስ የምትባል የአፍሪካ ጅረት አይጥ መሆኗን አሳይቷል። ኮሎሚስ ጥልቀት በሌለው ጅረት እየሄደች፣ ጺሟን ውሃ ላይ አሳርፋ የነፍሳት እጭ እንቅስቃሴ የምታዳምጥ አዳኝ ናት። ስለዚህ ወጥመዱ ራሱ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ወለሉ እርጥብ ሆኖ፣ በድንጋይ ተደግፎ ሌሊቱን ማደር አለበት። ጎርፍ እንዳይወስደው በገመድ ይታሰራል። የገባችው እንዳትሞት ደግሞ ሳይነጋ መታየት አለበት፤ የደጋ ሌሊት ቅዝቃዜ እርጥብ አይጥን ቶሎ ይገድላል።