የመጡትን ብቻ አንቁጠር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ቱቶሪያል የምትሰጡ ወጣቶች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ አራት ኪሎ ሒሳብ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ብዙ ምሽቶችን ያሳለፍኩት በማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የሒሳብ ማጠናከሪያ ማዕከሎቻችን ተማሪን ይጠቅማሉ የምንለው በምን አውቀን ነው?

አንድ ጊዜ፣ በሌላ ተቋም፣ የእንዲህ ያለ ማዕከል የዓመት ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። መዝገቡን ከፍቼ የመጡትን ቆጠርኩ። የመጡትንና ያልመጡትን ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የመጡት በለጡ። «ማዕከሉ ውጤት አሻሽሏል» ብዬ ፈረምኩ። ሁሉም ደስ አለው። በኋላ አንዲት ባልደረባዬ «ለመሆኑ የሚመጡት እነማን ናቸው?» አለችኝ። መዝገቡን መልሼ አየሁት። አብዛኞቹ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ ቀለሜዎች ናቸው። ወርክሺቱን ጨርሰው አንዷን ከባድ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ። እነዚህ ልጆች ማዕከሉ ባይኖርም ያልፉ ነበር። ያ ሪፖርት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እኛ ጋ ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ድጋፍ ማዕከሉን የከፈተው በ1996 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሲጀመር የታሰበው በሒሳብ ደክመው ለሚገቡ የምህንድስና ተማሪዎች ነበር። በኋላ ሲጠና ግን ጎበዞቹም በብዛት ይመላለሱበታል። ጎበዝ አይምጣ እያልኩ አይደለም፣ ይምጣ። እሱ ስላለፈ ግን ማዕከሉ ሠራ አንበል።

እኛ ጋ ደግሞ ጉዳዩ የባሰ ያሳስበኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሪሚዲያል፣ ማለትም የመግቢያ ነጥብ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍተቱ ከታች ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመ ነው።

አንድ ፍሬሽማን የሊሚት ጥያቄ ይዞ መጣ እንበል። ክፍልፋይ በክፍልፋይ ላይ ያለበት ጥያቄ ነው። ቱተሩ ቦርዱ ላይ ቆንጆ አድርጎ ይሠራለታል። ልጁ ይገለብጣል፣ አመስግኖ ይሄዳል። መዝገቡ ላይ «አንድ ተማሪ ተረድቷል» ተብሎ ይጻፋል። የልጁ ችግር ግን ሊሚት አልነበረም። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መቀነስ አይችልም። ይህን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ይዞት የመጣ ነው። አንድ ሰው «እስቲ አንተ ሞክረው» ብሎ ጠመኔውን ቢሰጠው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ማዕከል ስንገመግም ጠመኔው በማን እጅ እንደነበር እንይ። ቁጭ ብሎ መታዘብ ይጠይቃል፣ አድካሚ ነው። እኔ ግን ከመቶ መጠይቅ ይልቅ አንድ ምሽት እንዲህ መታዘብ ይበልጥብኛል።

መጠይቁንም ቢሆን የምናድለው ለማን ነው? እዚያው ለተገኙት። እነሱማ ረክተው ነው የተመለሱት። ያልመጣውን ልጅ ዶርሙ ድረስ ሄዶ የጠየቀው የለም። እኔ የጠየቅኋቸው ጥቂቶች የነገሩኝ ከባድ ነው። አንዱ ማዕከሉ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ላብራቶሪ አለበት። አንዷ «ይህንንም አታውቂም?» እንዳትባል ፈርታለች። ሌላው ጥያቄውን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ለማስረዳት ይቸግረዋል፣ የአፍ መፍቻው ሌላ ነው።

ታዲያ እንዴት እንለካ? ፍሬሾች በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት አጭር መነሻ ፈተና እንስጥ። ለግሬድ የማይያዝ። ከዚያ ውጤት ስናወዳድር እኩል ተነስተው የመጡትንና ያልመጡትን እናወዳድር። ይህም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሆንም፤ የልጁ ትጋት በመነሻ ፈተና አይለካም። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ነገር እናድርግ። መቁረጫ ነጥብ እንወስን። ከነጥቡ በታች ያሉትን በስም እንጥራ። ለሌሎችም በሩ ክፍት ይሁን፣ ግን ጥሪ አይላክላቸው። ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ያለውና ጥቂት ከፍ ያለው በመነሻው ብዙም አይለያዩም። ስለዚህ ከመስመሩ አጠገብ ካሉት ውስጥ የተጠሩት፣ ቢመጡም ቢቀሩም፣ ፋይናል ላይ ካልተጠሩት ከተሻሉ ጥሪው ሠርቷል ማለት ነው። ካልተሻሉም ያንኑ በግልጽ እንጻፍ፤ ሪፖርቱ ባያምርም።

ለዚህ የተለየ በጀት አያስፈልግም። የአንድ ገጽ ፈተና፣ የስም ዝርዝርና የሚደውል ሰው ይበቃል። የፈተናውን ጥያቄዎች ማውጣት እኔ እጀምራለሁ። ሁለት መምህራንና ዶርም ለዶርም የሚዞሩ አራት ተማሪዎች ያስፈልጉኛል። ስንጨርስ በሩ ጋ ወረቀት ይዤ እቆማለሁ፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ጻፉልኝ።

አመሰግናለሁ።