ፍሎሪዳ ገደል ትግባ

እንደምን አመሻችሁ! የቴኔሲ ዋና ከተማ ናሽቪል ላይ ቆሞ ስለ ቴኔሲው ልጅ፣ ስለ ቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ነገሩ ሁሌም ስለሚያንገበግበኝ ዛሬ ታግሳችሁ ስሙኝ።

ጎር በጆርጅ ቡሽ ስለተሸነፈበት የ2000ው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሲነሳ ሁሉም ወደ ፍሎሪዳ ይሮጣል። ቡሽ እዚያ ያሸነፈበት 537 ድምፅ፣ በቅጡ ያልተበሳ የድምፅ መስጫ ካርድ፣ ዳግም ቆጠራውን ያስቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት። እሺ። አሁን ቁጭ ብለን ሂሳቡን እንሥራ። እያንዳንዱ ግዛት የተመደበለት የኤሌክቶራል ድምፅ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ግዛቱን ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል፤ ፕሬዚዳንት ለመሆን 270 ያስፈልጋል። ጎር 266 አገኘ። ቴኔሲ ያኔ 11 ነበራት። ስትደምሩት 277! የገዛ ቤቱን ቢያሸንፍ ኖሮ ፍሎሪዳ ገደል ትግባ፣ ማን ይቆጥራት ነበር?

ደግሞ ለጥቂት እንዳይመስላችሁ። በ80 ሺህ ድምፅ ነው የተሸነፈው። እዚህ የግሪን ፓርቲውን እጩ ራልፍ ኔደርን የመረጡትን ወደ 20 ሺህ ሰዎች በሙሉ ብትሰጡት እንኳ አይሞላለትም።

"ነቢይ በአገሩ አይከበርም" ትሉኝ ይሆናል። አልስማማም። ቴኔሲ አክብራዋለች እንጂ! ለተወካዮች ምክር ቤት ልካዋለች፣ ለሴኔት ልካዋለች፣ በ1992ና በ1996 ከክሊንተን ጋር ሲወዳደር መርጣዋለች። እሱም የቅስቀሳ ዋና ቢሮውን ከዋሽንግተን ነቅሎ ናሽቪል አምጥቶላታል። ግን ወጣት እያለ ከጠመንጃ ባለቤቶች ጎን ቆሞ ድምፅ ይሰጥ የነበረው ሰው፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን ስለ ጠመንጃ ቁጥጥር ይናገር ጀመር። ስለ ፅንስ ማቋረጥም አቋሙ ተለወጠ። ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለእናንተ ልተወው፤ የጎር ቤተሰብ እርሻ ያለበት የካርቴጅ ገበሬ ግን "ይሄ ልጅ የኛ ነው ወይስ የዋሽንግተን?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዚያ ላይ ልጁ ያደገው በአብዛኛው ዋሽንግተን፣ ሆቴል ውስጥ ነው። እርሻው ላይ የሚውለው ክረምት ክረምት ነበር።

የሚገርመኝ ይህን ፊልም ከዚያ በፊት ማየቱ ነው። አባቱ በ1970 የሴኔት ወንበራቸውን ያጡት በዚሁ ግዛት፣ "ከሕዝቡ ርቀዋል" ተብለው ነው። በ1994 ደግሞ የጎር የቀድሞ ወንበር ሳይቀር ሁለቱም የቴኔሲ የሴኔት ወንበሮች ለተቀናቃኞቹ ለሪፐብሊካኖች ሄዱ። ደወሉማ ተደውሎ ነበር።

ቤት መሸነፍ ብቻውን ፕሬዚዳንትነት አይከለክልም፣ እሱንም ልንገራችሁ። ትራምፕ በ2016 ኒው ዮርክን ተሸንፎ ዋይት ሀውስ ገብቷል። የኛው የቴኔሲው ፖልክም በ1844 ቴኔሲን ከ200 ባነሰ ድምፅ ተሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ጎር ግን ሌላ ቦታ የሚያካክስበት አላገኘም።

በ2000ው ምርጫ ሌሊት እዚሁ ናሽቪል ታክሲ እየነዳሁ ነበር። ዋር ሜሞሪያል አደባባይ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ሕዝቡ ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። ጎር ለቡሽ ደውሎ "እንኳን ደስ አለህ" ብሏል፣ ንግግር ሊያደርግ በመኪና መጥቷል፣ ሊደርስ ሲል ረዳቶቹ የፍሎሪዳው ልዩነት መጥበቡን ነግረው መለሱት፤ እንደገና ደውሎ ቃሉን አነሳ። እኔ ያኔ ዜጋ ስላልሆንኩ መምረጥ አልችልም ነበር፣ ግን እኔም እንደነሱ በስብሼ ቆምኩ።

በታኅሣሥ ሽንፈቱን ሲቀበል ቴኔሲ ሄዶ አጥር እንደሚጠግን ተናገረ፤ የእውነቱንም፣ የምሳሌውንም። በነሱ አማርኛ አጥር መጠገን ከጎረቤት መታረቅ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለምንም ሥልጣን አልተወዳደረም።

እኔ ጨረስኩ፤ ቡናውም ደርሷል መሰለኝ።