«በምን አወቅህ?» የታሪክ መጽሐፍ ከብራናው እስከ ግርጌ ማስታወሻው

[ስክሪን ላይ፦ የካቲት 23፣ 1888 ዓ.ም.]

የአድዋ ጦርነት በፈረንጆቹ አቆጣጠር መቼ ነው የተደረገው? ማርች 1 ወይስ ማርች 2?

የካቲት በደረሰ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሳል። አንዱ «በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ነው፣ አለቀ» ይላል። ሌላው የጣልያኖችን መጽሐፍ ጠቅሶ «ማርች 1 ነው» ይላል። ሁለቱም መጽሐፍ ያሳዩሃል።

ውጊያው የተደረገው እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ማርች 1፣ 1896 ነበር። ታዲያ ዛሬ የካቲት 23 ለምን ማርች 2 ላይ ይውላል? በ1900 እ.ኤ.አ. ፈረንጆቹ በየአራት ዓመቱ የሚጨምሩትን ፌብሯሪ 29 ዘለሉት። እኛ ጳጉሜ 6ን አልዘለልንም። በመካከላችን ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። የዛሬውን ሰንጠረዥ ይዞ የ19ኛውን መቶ ዓመት ቀን የሚቀይር ሰው እንግዲህ በአንድ ቀን ይስታል። ከእሱ የገለበጠው ይስታል። ከገለበጠው የገለበጠውም እንዲሁ።

ስለ አድዋ ልተርክላችሁ አይደለም። የታሪክ መጽሐፍ እንዴት ተጠንቶ እንደሚጻፍ ነው የምናየው። ሥራው በሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ «በምን አወቅህ?» ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይህን የሚጠይቅ አንባቢ አጠገባችሁ የተቀመጠ አስመስላችሁ ጻፉ።

[ስክሪን ላይ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ]

በነገሩ ዘመን፣ በነገሩ ውስጥ በነበረ ሰው የተጻፈ ወይም የተሠራ ነገር የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ይባላል። ደብዳቤ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ማህተም፣ ፎቶግራፍ፣ ጋዜጣ። ከዚያ ተነስቶ በኋላ የተጻፈው ሁለተኛ ደረጃ ነው። ትርጉሙን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ አልቆይበትም። የሚከብደው ማግኘቱ ነው።

ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሩ። ብዙ ሰው በቀጥታ ብራና ልግለጥ ብሎ ይነሳና ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ይመለሳል። መጀመሪያ በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን መጻሕፍት አንብቡ። ስታነቡ ግን ዓይናችሁ ገጹ ግርጌ ላይ ይሁን። ደራሲው ከየት አመጣው? የጠቀሰውን መጽሐፍ ፈልጉ። እሱስ ማንን ጠቀሰ? እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ወይ አንድ ሰነድ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ወይ «ይባላል» የሚል ቃል ላይ ትቆማላችሁ። አሥር መጽሐፍ የሚያወራው ነገር መነሻው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሲገኝ ማየት የተለመደ ነው። ያ ደግሞ አሥር ምስክር አይባልም።

ሰነዱስ የት አለ? አዲስ አበባ ላይ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «ወመዘክር» የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት አለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የትብብር ደብዳቤ ያዙ። እርሳስም ያዙ፤ ብራና ባለበት ክፍል እስክሪብቶ የሚወደድ ነገር አይደለም።

ሁሉም ነገር ግን አገር ውስጥ የለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ብራናዎቹን ጭኖ ወሰደ። 350 ገደማ የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፣ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ብራናዎቹን መቅደላ ላይ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው ነበሩ። የጎንደር አንድ ደብር የመሬት ጉዳይ የሚያጠና ሰው መልሱን ለንደን ሊያገኘው የሚችለው ለዚህ ነው። ደስ የሚል ነገር አይደለም፣ እውነታው ግን ይኸው ነው።

ደስ የሚለው ሌላ አለ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ የሚገኙ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል፣ ወደ 9,000 የሚጠጉ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ብዙዎቹን በካታሎግ አንብቦ ያስተዋወቀን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። ዛሬ ብዙው ኢንተርኔት ላይ ይነበባል። መመዝገብ ብቻ ነው።

አንድ ትንሽ ምክር፦ ካታሎግ ላይ ስትፈልጉ በአንድ ፊደል አትቁሙ። ኃይሌን በ«ሀ»ም በ«ኀ»ም በ«ሐ»ም ሞክሩ። ፀሐይንም በሁለቱም «ጸ» ሞክሩ። የውጭ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ደራሲውን አንዳንዴ በአባቱ ስም ይመዘግቡታል። «የለም» ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበት መጽሐፍ አባቱ ስም ሥር ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ የብራና ወንጌል ኅዳግ፣ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ]

አሁን እኔ በጣም የምወደው ጋ ደርሰናል። ኅዳጉ፣ የገጹ ባዶ ጠርዝ።

ወንጌል ቅዱስ መጽሐፍ ነውና በላዩ የተጻፈ ነገር አይፋቅም፣ አይካድም። ስለዚህ ሰዎች የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭን፣ ኑዛዜን በወንጌሉ ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ ያጽፉ ነበር። ዛሬ ውልና ማስረጃ የምንለውን ሥራ ይሠራ የነበረው ወንጌሉ ነው ማለት ይቻላል። ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ በስንት፣ እነማን ሰሙ። ነገሥታቱን የሚያወድሰው ዜና መዋዕል ስለ ተራው ሰው ብዙ አያወራም። ኅዳጉ ያወራል። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ ማስታወሻዎች ውስጥ ሴቶች ሻጭም ገዢም ሆነው እናገኛቸዋለን። ዜና መዋዕል ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

ችግሩ፣ ኅዳግ ላይ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም። «በዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት 23፣ በዕለተ እሑድ» ብሎ ያልፋል። ምን ይደረጋል?

[ስክሪን ላይ፦ ስሌቱ ቀስ እያለ ይታያል]

አብረን እንሥራው። ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ስትደምሩ ዓመተ ዓለም፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ ይወጣል። ያንን ለአራት አካፍሉ። አንድ ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ ነው፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1888 ሲደመር 5500፣ 7388። ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውም። ዮሐንስ ነው።

ወንጌላዊው ብቻውን በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፣ ስለዚህ ብዙ አይረዳም። ዕለቱ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይጠብባል። አንድ ቀን በዚያው ወንጌላዊና በዚያው ዕለት የሚመለሰው በ28 ዓመት አንዴ ነው። የካቲት 23፣ እሑድ፣ ዘመነ ዮሐንስ። የሚሆኑት ዓመታት 1860፣ 1888፣ 1916 ናቸው። በመካከላቸው ሌላ የለም። እንግዲህ ማስታወሻው የንጉሥ ስም ካለው ጨረሳችሁ። ቴዎድሮስ ካለ 1860፣ ምኒልክ ካለ 1888፣ ዘውዲቱ ካለ 1916። ስሙ ባይኖር እንኳ ከምስክሮቹ አንዱ መቼ እንደ ሞተ ከሌላ ሰነድ ይታወቅ ይሆናል።

ዕለቱና ወንጌላዊው ከተጠቀሰው ንጉሥ ዘመን ጋር የማይገጥሙ ከሆነስ? ያኔ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይ ገልባጩ፣ ወይ ሰነዱ በኋላ የተሠራ ነው። የመሬት ሰነድ ሲሆን ሦስተኛውን አትናቁት። መሬት ባለበት ሐሰተኛ ሰነድ አይጠፋም።

ስምም እንደ ቀን ያሳስታል። አንድ ሰው የልጅነት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ የንግሥ ስም አለው፣ የፈረስ ስም አለው። ግጥሙ «አባ ታጠቅ» ይላል፣ ደብዳቤው «ቴዎድሮስ»፣ ከ1847ቱ ንግሥ በፊት ያለው ወረቀት «ካሳ»። ታዲያ በ1860 ሰነድ ላይ የእንግሊዝን ጦር ያሳለፈ «ደጃዝማች ካሳ» ስታገኙ እንዳትደናገጡ። እሱ ሌላ ካሳ ነው፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሆነው፣ አባ በዝብዝ። ለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን የስም መዝገብ መክፈት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ፣ ያሉትን ስሞች ሁሉ ከነዘመናቸው።

[ስክሪን ላይ፦ ማን ጻፈው? ለማን? መቼ?]

ሰነዱ እውነተኛ ነው እንበል። ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለት ግን አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስን ውሰዱ። ደብተራ ዘነብ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ጻፈ፣ በአድናቆት። አለቃ ወልደ ማርያም ከሞታቸው በኋላ ጻፈ፣ ብዙም አይምራቸውም። ታስረው የነበሩት አውሮፓውያን ተፈትተው አገራቸው ሲገቡ የየራሳቸውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ እነሱ ደግሞ የሚሸጥ ታሪክ ይፈልጉ ነበር። ማንኛቸውን እንመን?

«ገለልተኛውን» የሚል ሰው አለ። እኔ ገለልተኛ ምንጭ አይቼ አላውቅም። ይልቅ የሚጠቅመው፣ ጸሐፊው የማይፈልገውን ነገር የተናገረበትን ቦታ መፈለግ ነው። አድናቂው የንጉሡን ጥፋት ካመነ፣ ጠላቱ ጀግንነቱን ከመሰከረ፣ እዚያ ላይ አስምሩ። እርስ በርስ የማይዋደዱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያነብ፣ ተመሳሳይ ነገር ካሉም እንዲሁ።

ጋዜጣም ያው ነው። ብርሃንና ሰላም በ1917፣ አዲስ ዘመን በ1933 ጀመሩ። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ ሕጉንና ሹመቱን ይዟል፣ ለሹመት ቀን ከሰው ትዝታ እሱን እመኑ። ግን የመንግሥት ጋዜጣ የመንግሥት ነው። የ1966 መጀመሪያና የ1967 መጀመሪያ አዲስ ዘመኖችን ጎን ለጎን ዘርጉ። ጋዜጣው ያው፣ ንጉሡም ያው፣ የተጻፈላቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ማስታወቂያዎቹንም አትዝለሉ። የዕቃ ዋጋ፣ የጠፋ ሰው፣ የሲኒማ ሰዓት። ዋና አዘጋጁ ለማሳመር ያልደከመበት ገጽ ብዙ ጊዜ ታማኝ ነው።

ሽማግሌ መጠየቅ እንዳይረሳ። በሰነድ ያልተያዘው ይበዛል። ስትጠይቁ ግን «እንዲህ ነበር አይደል?» አትበሉ። ትልቅ ሰው ይሉኝታ አለበት፣ «አዎ ልጄ» ብሎ ይሸኛችኋል። «ከዚያስ?» በሉና ዝም በሉ። ራሳቸው ያዩትን፣ ከአባታቸው የሰሙትንና በሬዲዮ የሰሙትን ለይታችሁ ጻፉ።

[ምስል፦ አንድ የማስታወሻ ካርድ በቅርበት]

ይህ አሰልቺው ክፍል ነው፣ መጽሐፍ የሚድነውም የሚሞተውም ግን እዚህ ነው። ይህን ካርድ እዩት። ላይኛው ጠርዝ ላይ፦ የቤተ መጻሕፍቱ ስም፣ የብራናው መለያ ቁጥር፣ ቅጠሉ ስንተኛ እንደሆነ፣ ፊት ይሁን ጀርባ። ብራና የሚቆጠረው በቅጠል ስለሆነ «ፊት» ወይም «ጀርባ» ካላላችሁ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ይንከራተታል። መሐል ላይ፦ ጽሑፉ ቃል በቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ። ስሕተቱም ሳይታረም። ታች፣ በሌላ ቀለም፦ የእናንተ አስተያየት። ሁለቱ ከተደባለቁ ከጊዜ በኋላ የራሳችሁን ግምት የብራናው ቃል ነው ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። የስልክ ፎቶ ካርድ አይተካም። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ፎቶ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቀውም።

መጻፍ መቼ ይጀመር? ምርምሩ ሲያልቅ አትበሉ፣ አያልቅም። ቀኖቹን በሰንጠረዥ ደርድሩ፣ አንዱን ምዕራፍ ጀምሩ። ክፍተቱ የሚታያችሁ ስትጽፉ ነው። «ከዚያ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ በየት በኩል? ስንት ቀን ፈጀ? ምን በላ? ካላወቃችሁ ወደ መዝገቡ ተመለሱ።

ያገኛችሁትን ሁሉ አትክተቱ። ብዙ የታሪክ መጽሐፍ የሚያንቀላፋው ደራሲው የለፋበት እንዳይቀር ሲል ነው። የነገሥታትን የጓዳ ንግግርም ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ሰነዱ ውስጥ ከሌለ የለም፣ ልብ ወለድ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ልብ ወለድ በሉት። እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ቦታ «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ነውር የለበትም፣ ለምን እንደገመታችሁ ግን ግርጌው ላይ አስቀምጡ። ቀን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ፣ ሁልጊዜ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ «በ1928 ዓ.ም.» ብቻ ያለ ደራሲ ወደ ፈረንጆቹ ሲመልሰው 1935ም 1936ም ሊሆን ይችላል። ወሩን ጨምሩ።

ለጠቆማችሁ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብራናውን ላሳያችሁ መሪጌታ ምስጋና ጻፉ። የታተመውንም አንድ ቅጂ ውሰዱላቸው።

ከታተመ በኋላ ስልክ ይደወላል። «የአያቴ ማዕረግ ፊታውራሪ እንጂ ግራዝማች አልነበረም» የሚል ሰው ይመጣል። አትቆጡ። «ማስረጃ አለዎት?» በሉ፣ በትሕትና። አንዳንዱ ሄዶ ይቀራል። አንዳንዱ በላስቲክ የተጠቀለለ የቤተሰብ ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል። ፎቶ አንሡት፣ ከማን እንዳገኛችሁትና መቼ እንዳያችሁት ካርድ ላይ ጻፉ፣ ማህተሙንና ቀኑን መርምሩ፣ ከዚያ «ሁለተኛ እትም» የሚል ፋይል ከፍታችሁ እዚያ አስገቡት።