የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ያቺን የታች ሰረዝ አንሷት!»

ዛሬ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደወሉ አድማጮች ስለ ዲስክሪሚኔትድ ዩኒየን (ባጭሩ ዩኒየን) ጠይቀዋል፤ ከተዘረዘሩ አማራጮች አንዱን ብቻ የሚይዝ የፕሮግራም ዳታ ዓይነት ነው፣ እያንዳንዱም አማራጭ «ኬዝ» ይባላል። ባለሙያችን ባብዛኛው በኤፍ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ መልሰዋል።

ጥያቄ (ፒያሳ፣ ደሴ)፦ ዩኒየን ከኢነም በምን ይለያል?

ኢነም የስሞች ዝርዝር ቢሆንም ከሥሩ ቁጥር ነው። የዩኒየን ኬዝ ግን የየራሱን ዳታ ይይዛል። የክፍያ ዩኒየን ብንወስድ፦ «እጅ በእጅ» ባዶውን ነው፣ «ቴሌብር» የግብይት ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ «ባንክ» ደግሞ የባንኩን ስምና የደረሰኙን ቁጥር።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ የጭነት ማኅበር ሠራተኛ)፦ «ተጭኗል»፣ «ተነስቷል»፣ «ደርሷል» የሚሉ ሦስት ቡሊያኖች (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚሉ ዋጋዎች) አሉኝ። በዩኒየን ልቀይራቸው?

ዛሬውኑ ቀይራቸው። ሦስት ቡሊያን 8 ጥምር ይሰጣል፤ ጭነትህ ግን 4 ሁኔታ ብቻ ነው ያለው፦ አልተጫነም፣ ተጭኗል፣ መንገድ ላይ ነው፣ ደርሷል። የቀሩት 4ቱ ሳይጫን ደሴ የገባ ዓይነት ጉድ ናቸው። ታርጋውን «ተጭኗል» እና «መንገድ ላይ» ውስጥ፣ የመድረሻውን ቀን «ደርሷል» ውስጥ አስገባ። ማቹን (ለየኬዙ ምን እንደሚደረግ የሚዘረዝረውን ኮድ) ስትጽፍ ደግሞ የታች ሰረዝ («_»፣ «የቀረው ሁሉ» ማለት ነው) እንዳትጨምርበት፤ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)፦ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ማቹ አልተሟላም እያለ በቢጫ ሲጨቀጭቀኝ ማቹ መጨረሻ ላይ የታች ሰረዝ አድርጌ ዝም አሰኘዋለሁ። ጉዳት አለው?

አለው እንጂ የኔ ልጅ! በየሳምንቱ ይኸው ነው። ጠባቂ ውሻ ስለጮኸ አፉን ታስሪያለሽ?

እንዲህ ነው የሚሆነው። የቅድሙን ጭነት አራት ሁኔታ ክፍያ የሚያሰላ ማች አለሽ፤ ሁለቱን በስማቸው ጻፍሽ፣ የቀረውን በታች ሰረዝ ዜሮ ብር አልሽው። ዛሬ ልክ ነው። ከሦስት ወር በኋላ «ተመላሽ» የሚል አምስተኛ ኬዝ ተጨመረ። ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም፤ የታች ሰረዟ ሁሉን ትውጣለችና። ተመላሹ ጭነት ሁሉ በዜሮ ብር ያልፋል፤ ስህተቱም የሚታየው ሒሳብ ሲዘጋ ነው። ሰረዟ ባትኖር ግን ማስጠንቀቂያ ቁጥር 25 በየፋይሉ፣ ያልተሟላው ማች ባለበት ሁሉ፣ የጎደለውን ኬዝ በስሙ ይጠራልሽ ነበር።

ስለዚህ ሁሉንም ኬዝ በስሙ ጻፊ። ተመሳሳይ መልስ ያላቸውን በቋሚ መስመር («|») አያይዣቸው፤ ጽሑፉ አይረዝምም። ቁጥር 25 በነባሪው ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሆነ ፕሮጀክት ፋይሉ ላይ እንደ ስህተት እንዲቆጠር አድርጊ፤ ያኔ ሳይሟላ አይገነባም። ታይፕስክሪፕት የሚባለውን ሌላ ቋንቋ የምትጽፉም ዲፎልት (የቀረውን የሚቀበለው ቅርንጫፍ) ውስጥ የቀረውን ዋጋ «ኔቨር» (ምንም ዋጋ የማይቀበል) ዓይነት ላለው ተለዋዋጭ ስጡት፤ የተረሳ ኬዝ ካለ እዚያው ይያዛል።

የታች ሰረዝ ቦታዋ ቁጥርና ጽሑፍ ላይ ነው፤ እነሱ ተዘርዝረው አያልቁም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ ተማሪ)፦ የኬዝ ስሞችን በአማርኛ ብጽፍ ይሠራል?

ይሠራል፤ ፊደሎቻችንን ግን ጠንቀቅ በል። «ተሠርዟል» ብለህ የሰየምከውን ማች ውስጥ «ተሰርዟል» ብትለው ለጆሮ አንድ ነው፣ ለኮምፓይለሩ ሁለት። ኤፍ ሻርፕ የማያውቀውን ስም እንደ አዲስ ተለዋዋጭ ይወስደዋል፤ ተለዋዋጭ ደግሞ ሁሉን ይቀበላል። ያችው የታች ሰረዝ ናት፣ ልብስ ቀይራ! ዩኒየኑ ላይ ኬዙ ከዩኒየኑ ስም ጋር ብቻ እንዲጠራ የሚያስገድደውን «ሪኳየር ኳሊፋይድ አክሰስ» የሚል ምልክት ለጥፍበት። «ክፍያ.ተሰርዟል» ብለህ ስትጽፍ እንዲህ ያለ ኬዝ የለም ይልሃል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ኦፕሽን (ዋጋ ሊኖረውም ላይኖረውም የሚችል ዓይነት) ዩኒየን ነው?

ነው። ኬዞቹ «ሰም» (Some፣ ዋጋ አለ) እና «ነን» (None፣ ዋጋ የለም) ናቸው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ዩኒየኑን እንዳለ በጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ የማስቀመጫ ቅርጽ) ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። የኬዝ ስም ስቀይር የድሮው አልነበብ አለ።

የተቀመጠው የድሮው ስም ነዋ። ለወደፊቱ ለማስቀመጫ የሚሆን ተራ ሪከርድ ለብቻው ይኑርህ፤ ከዩኒየኑ ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ ዩኒየኑ የሚቀይሩ ሁለት ፈንክሽኖች ጻፍ። ስታነብ የማታውቀው ስም ከመጣ ስህተት መልስ እንጂ ወደ አንዱ ኬዝ አትገፍትረው። አሁን ያለው የደንበኛ ዳታ ግን በስልክ የሚታከም አይደለም፤ ባካፕ ያዝና ሳትነካካው ዳታቤዝ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ አስቀምጥ።