ከዕድራችን ቤት ጀርባ ስላለው መሬት
ለዕድር ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ የሥራ አመራር አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ጡረታ የወጣሁት በግብርና ሙያ ነው። ዛሬ ተነሥቼ የምናገረው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ድንኳኑንና ወንበሩን ከምናስቀምጥበት ቤት ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ማፍያ እንዲሆን ጉባኤው ይፍቀድልን፤ ችግኙን ወስደን በየደጃችን በጆንያ እናበቅለዋለን።

ከመካከላችን ልጆቻቸውን በሻይና በዳቦ ሸኝተው ራሳቸው እህል ሳይቀምሱ የሚያመሹ እናቶች አሉ። ጡረታቸው ለወር አስቤዛ የማይደርስ አረጋውያን አሉ። ስም አልጠራም፤ ጎረቤታሞች ነንና እንተዋወቃለን። ሰው ሲሞትብን ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። ጎረቤታችን በሕይወት እያለ ሲርበው ግን በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ጎመን ጤፍን አይተካም። በጆንያ በበቀለ አትክልት ቤተሰብ ጠግቦ ያድራል ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ጠዋትም ማታም ሽሮ ብቻ ለሚበላ ልጅ ጎመን ሲጨመርለት ትልቅ ነገር ነው። ጎመንና ቆስጣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው። ቫይታሚን ኤ ያጠረው ልጅ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረቱበታል። ጎመኑ ትንሽ ዘይት ከነካው ደግሞ ሰውነት የበለጠ ይጠቀምበታል። ለአትክልት ይወጣ የነበረው ብርም ለዱቄት ይሆናል።

«መሬት የት አለንና?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ የሚባል እጅግ የተጨናነቀ የድሆች ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ ግጭት ተነሥቶ ኑሮ ሲከብድ፣ ብዙ ቤተሰቦች በእርዳታ ድርጅት እገዛ ደጃቸው ላይ ጆንያ አቁመው ጎመን ማብቀል ያዙ። በጉራጌና በሲዳማ ያደጋችሁም ከቤት ጀርባ ያለ እንሰት በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የ50 ኪሎ ጆንያ ይዘጋጃል። ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይደባለቃል። ከላይም ከታችም የተከፈተ ጣሳ ጆንያው መሐል አቁማችሁ ጠጠር ትሞሉበታላችሁ፤ ዙሪያውን አፈር እየጨመራችሁ ጣሳውን ወደ ላይ ስትስቡት ከታች እስከ ላይ የጠጠር ዓምድ ይቆማል። ውኃ የሚፈሰው በዚያ ነው፤ የታችኛው ሥር ሳይቀር ይደርሰዋል። ከዚያ የጆንያውን ጎን እያፈራረቃችሁ ትበሱና ችግኝ ትሰኩበታላችሁ። ላዩንና ጎኑን ጨምሮ እስከ 20 ችግኝ ይይዛል። ተከራይ የሆናችሁም ቤት ስትቀይሩ በጋሪ አስጭናችሁት ትሄዳላችሁ። ክረምት ላይ ግን የጣሪያ ፍሳሽ ከሚወርድበት ሥር አታቁሙት፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ጥቅል ጎመን አልመክርም፤ አንዴ ተቆርጦ ያልቃል። የሐበሻ ጎመን ግን ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን እየቀነጠባችሁ ጫፉን ከተዋችሁለት ለወራት ይሰጣል። ሁለት ሦስት እግር እንዲያብብ ብትተዉ የከርሞ ዘር ከራሳችሁ አገኛችሁ። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከቅጠሉ ጀርባ ሲሰፍርበት በቀጭን የሳሙና ውኃ እጠቡት፤ መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም።

ውኃውን በተመለከተ አደራ እላለሁ። አትክልትና ምስር የታጠበበት ውኃ ለጎመኑ ይሆናል። በረኪና ያለበት እጣቢ ግን አይሆንም። ከወንዝ እንቅዳ የሚል ሐሳብ ከመጣ አጥብቄ እቃወማለሁ። የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካና የፍሳሽ ቆሻሻ ተሸክመው እንደሚወርዱ፣ በዚያ ውኃ በለማ አትክልት ላይም ከባድ ብረቶች እንደተገኙ በጥናት ታውቋል። ከጋራዥ አካባቢም አፈር አታምጡ። የተራበ ልጅን በመርዝ አንመግብም።

ታዲያ ሁሉም በየቤቱ ይሥራ ብዬ ለምን አልተቀመጥኩም? በዚህ ሥራ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ችግኙ ላይ ስለሆነ ነው። ዘሩ ይገዛል፣ ይዘራል፣ ዶሮ ይጭረዋል ወይም ፀሐይ ያደርቀዋል፣ በዚያው ይቀራል። አንድ መደብ በአንድ ቦታ፣ አጥርና የሣር ዳስ ተሠርቶለት፣ ተራ ገብተን ውኃ ብናጠጣው ግን ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል። አሁን ግንቦት ነው፤ ዛሬ ብንወስን ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኝ እናድላለን።

ዕደላው ያለ ክፍያ እንዲሆን፣ አረጋውያንና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች እንዲቀድሙ፣ ጆንያ መሙላት ለማይችሉት ደግሞ ወጣቶቻችን ቤታቸው ድረስ ሄደው እንዲሞሉላቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዕድሩ ካዝና የምጠይቀው የዘሩንና የአጥር ሽቦውን ብቻ ነው፤ ፍጉን ከብት የሚያረቡ አባሎቻችን እንሰጣለን ብለውኛል።

ጉባኤው ከፈቀደ ቅዳሜ ጠዋት ቦታውን መቆፈር እንጀምራለን። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ባዶ ጆንያ ያላችሁም አትጣሉት። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ ከዚያ ዳኛችን ድምፅ ያሰጡን።