ባቡሩ ያልወጣላት ሐረር

[ምስል፦ አዳማ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ጠዋት]

አዳማ አጥር የላትም። ከየትም ገብታችሁ በየትም ትወጣላችሁ። ለከተማነት ያበቃት ይሄ ሐዲድ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ይሄው ሐዲድ ጥሏት ስላለፈ ከተማ ነው። ስለ ሐረር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳትደናገሩ።)

ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌ» ነው የሚሏት። «ከተማ» ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ከተማ የሌለ ይመስል!

ሐረር ጀጎል የሚባለውን ግንቧን ትቀድማለች። በግንቡ ውስጥ ካሉት 82 መስጊዶች ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። በ1520 የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫውን ወደዚህ አዛወረ። ከዚያ የኢማም አሕመድ፣ በተለምዶ ግራኝ የምንላቸው፣ ዘመቻ መጣ። ኢማሙ በ1543 ሞቱ። ቦታቸውን የያዙት የእህታቸው ልጅ አሚር ኑር ናቸው፤ ጀጎልን ያስገነቡትም እሳቸው።

[ምስል፦ ግንቡ፣ ከቅርብ]

ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ቁመቱ አራት ሜትር አካባቢ። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። እያንዳንዱ በር ሁለት ስም አለው። እኛ «ሸዋ በር» የምንለውን ሐረሪዎች «አስማዲን በሪ» ይሉታል። «በሪ» ምን ማለት እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም።

አሁን ዝቅ በሉ። ግንቡ ሥር ጠበብ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ ጅብ ይገባል። ሌሊት ገብቶ የተጣለውን አጥንት ሁሉ ሲለቅም ያድራል። ጠላት እንዳይገባ ግንብ፣ ጅብ እንዲገባ ቀዳዳ!

በ1647 ሐረር ራሷን የቻለች ኢሚሬት ሆነች። የራሷን ገንዘብም ትቀጠቅጥ ነበር። በ1875 ግብፆች ያዟት፤ አሥር ዓመት ቆይተው ወጡ። ብዙም ሳትተነፍስ፣ ጥር 1887 ላይ ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አደረጉ። አስተዳዳሪነቱ ለመኮንን፣ በኋላ ራስ መኮንን ለምንላቸው፣ ተሰጠ።

ቀጥሎ ባቡሩ። ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን ገንዘብ ይበላል። ሐዲዱ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ከታች አለፈ። በ1902 ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ የወጣላት ስም ምን ነበር? «አዲስ ሐረር»! ንግዱም ቁልቁል ወረደ። በ1917 ባቡሩ በእኛ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ።

ለሐረር ክስረት ነበር። እኔ ግን ባቡሩ ቢወጣላት ኖሮ ግንቡን ማን ይምርላት ነበር እላለሁ። ለመኪና እንኳ ስድስተኛ በር ተከፍቶላታል።

[ምስል፦ ፈረስ መጋላ]

ዩኔስኮ ጀጎልን፣ ግንቡን ከነውስጡ፣ በ2006 በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ሙዚየም ግን አይምሰላችሁ፤ ሰው ይኖርበታል፣ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይነገድበታል። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ የሚወርደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። እኔም አንድ ሱሪ አሳጥሬበታለሁ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ «ግርግር» ከየት እንደመጣ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።